ሁለት እህትማማች፣ አንድ ዕቁብ፣ ግማሽ ሲኒ ጨጓራ

አዲስ አበባ ላይ ወፍራም መሆን አንድም ሙገሳ ነው፣ አንድም ስድብ። የቱ እንደሆነ የሚወስነው ተናጋሪው ነው። ዘመድ ቤት ስንሄድ "ውይ፣ እንዴት ተመችቷችኋል! እንዴት አምሮባችኋል!" እንባላለን። ከዘመድ ቤት ወጥተን ታክሲ ስንይዝ ደግሞ ረዳቱ "እናንተ የሦስት ሰው ትከፍላላችሁ" ይለናል። ልብስ ቤት ስንገባ ሻጯ ገና በሩ ላይ ሳለን በዓይኗ ለክታን "በናንተ ቁጥር ጨርሰናል" ትላለች። አምጥታ የማታውቀውን ነገር እንዴት እንደጨረሰችው እሷ ትወቅ።

እኛ ማለት ሁለት እህትማማች ነን። ትልቋ 34 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ66፣ ክብደቷ 104 ኪሎ። ትንሿ 29 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቷ 118 ኪሎ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ይህን ጽሑፍ አብረን ስለጻፍነው የትኛችን እየተናገርን እንደሆነ አትጠይቁን። ኪሏችንን የነገርናችሁ ይበቃል።

ላለፉት ሰባት ወራት ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ወሬው ውጭ አገር ሄዶ ጨጓራን በቀዶ ጥገና ማሳነስ ነው። ለጓደኛም ለሥራ ባልደረባም ስናወራ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀን "ስንት ነው?" ብሎ ነው። እኛም የጀመርነው ከዚያው ነው። ዛሬ ግን "ስንት ነው?" ሁለተኛ ጥያቄ መሆን እንዳለበት ገብቶናል። የመጀመሪያው ምን እንደሆነ ወደ ታች እንደርስበታለን።

"አፋችሁን ለምን አትይዙም?"

አስቀድመን ይቺን እንጨርሳት። ይዘናል። ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጥተናል። ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ አረንጓዴ ሻይ ሁሉም በኛ አልፏል። ጂም የስድስት ወር ከፍለን አምስት ወር ሄደናል፤ ይሄ በአዲስ አበባ ደረጃ ሪከርድ ነው። እንጀራ ትተን በሰላጣ ከርመናል። ትንሿ በአንድ ዓመት 19 ኪሎ ጥላ፣ በሚቀጥለው ዓመት 23 ኪሎ አንስታለች።

ያየን ሐኪም ሲያስረዳን እንዲህ አለ። ከጨጓራችን የላይኛው ክፍል በብዛት የሚመነጭ ግሬሊን የሚባል የረሃብ ሆርሞን አለ። ሰው ምግብ ቀንሶ ሲከሳ ይሄ ሆርሞን ይጨምራል፤ ሰውነትም የሚያቃጥለውን ኃይል ይቀንሳል። ማለትም በከሳችሁ ቁጥር ይበልጥ እየራባችሁ፣ ይበልጥ ትንሽ እያቃጠላችሁ ትሄዳላችሁ። "ሆዳም" የሚለው ቃል ይህን ሁሉ አያውቅም።

በብዛት የሚሠሩት ቀዶ ጥገናዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ስሊቭ ይባላል። ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 ከመቶው ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ይቀራል። የተቆረጠው አይመለስም። ሁለተኛው ባይፓስ ነው። ከጨጓራ አናት 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለይና ከትንሹ አንጀት ጋር በአዲስ መንገድ ትገናኛለች። 30 ሚሊ ሊትር ስንት እንደሆነ ለማወቅ እኛ ውሃ ለክተን የቡና ሲኒ ውስጥ ጨመርን። ግማሽ እንኳን አልሞላም። ረጅም ሰዓት ዝም ብለን ሲኒውን አየነው።

ማነው ይህን ማድረግ የሚገባው? ስሌቱ ቀላል ነው። ኪሎን ለቁመት ሁለት ጊዜ ታካፍላላችሁ። ትልቋ 37.7፣ ትንሿ 44.4 እንወጣለን። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሐኪሞች ሲመሩበት የኖሩት መለኪያ ከ40 በላይ የሆነ፣ ወይም ከ35 በላይ ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ያለበት ሰው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም አቀፎቹ የዘርፉ ማኅበራት መለኪያውን ዝቅ አድርገው ከ35 በላይ ላለ ሁሉ ሌላ ሕመም ባይኖርበትም ይመከራል አሉ። ስለዚህ ሁለታችንም እንገባለን። ትልቋ ላይ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ተገኝቶባት ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ይቺን ነገር ያዙልን።

"መርፌው አለ አይደል?" የምትሉም አላችሁ። አለ። ሴማግሉታይድ የሚባለው በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ ተፈቅዷል፤ ይሠራልም። ችግሩ ሲቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከጣሉት ኪሎ ሁለት ሦስተኛውን መልሰው እንዳነሱት አሳይቷል። በሰው ሻንጣ ተለምኖ የሚመጣ፣ በዶላር የሚገዛ፣ በፍሪጅ የሚቀመጥ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ሳይቋረጥ እናገኛለን ብለን መማል አልቻልንም። መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁን እያየን መኖርም አለ።

"ውዴ፣ ቦታ እያለቀ ነው"

ኢስታንቡልን ያገኘናት በቴሌግራም ነው። ለአንድ ኤጀንት ኪሎና ቁመታችንን ጻፍን። በአራት ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ። "ውዴ" ይላል፤ ለሁለታችንም አንድ "ውዴ"። ስሊቭ 3,200 ዶላር፤ ሁለት ከሆናችሁ ግን በቅናሽ 5,800። ሆቴል ባለ አራት ኮከብ፣ ከኤርፖርት የሚያመላልስ ቪአይፒ መኪና፣ ሦስት ሌሊት ሆስፒታል፣ በስድስተኛው ቀን በረራ። በተጨማሪም የቦስፎረስ የጀልባ ሽርሽር። ጨጓራው በተቆረጠ በአራተኛው ቀን ጀልባ ላይ የሚወጣው ማን እንደሆነ ግን አልተገለጸም።

አትሳቁብን፤ ልባችን ሄዶ ነበር። ተመሳሳዩ ቀዶ ጥገና አሜሪካ ውስጥ ከኪስ ሲከፈል ከ15 ሺህ ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ነው። እዚህ ሁለት ሰው በስድስት ሺህ ገደማ! አብረን ሄደን፣ አብረን ተኝተን፣ አብረን ከስተን እንመለሳለን። ልብስ ቤቷ ሳይቀር ታየችን።

ኤጀንቱ ግን ያልጠየቀን ነገር ነበር። ስኳር አለባችሁ ወይ አላለም። ጨጓራ ያማችኋል ወይ አላለም። ማታ ማታ ታንኮራፋላችሁ ወይ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ አላለም። የጠየቀው የፓስፖርት ፎቶ ነው። እኛ "ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ዶክተር ማነው? በዓመት ስንት ይሠራል?" ስንለው ደግሞ "ውዴ፣ ቦታ እያለቀ ነው" አለን።

ቱርክ መጥፎ ናት ማለታችን አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የውጭ ታካሚ ለሚቀበሉ ተቋማትና አገናኞች ከጤና ሚኒስቴር የሚሰጥ የተለየ ፈቃድ እንዲኖር ደንግጋለች። በጣም ጎበዝ ሐኪሞችም አሏት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ቢቢሲ ለዚሁ ቀዶ ጥገና ወደ ቱርክ ሄደው የሞቱ ሰባት ብሪታንያውያን እንዳሉ ዘግቧል። ነገሩ የቱርክ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሜክሲኮ፣ ቲኋና ከተማ ተቀድደው የተመለሱ አሜሪካውያን ላይ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ መገኘቱን አስጠንቅቋል። አብዛኞቹ የሄዱት ክብደት ለመቀነስ ነው።

በሌላ በኩል ቀዶ ጥገናው በደህና ቦታ ሲሠራ ሰው እንደሚያስበው አስፈሪ አይደለም። በጥሩ ማዕከላት ከሺህ ታካሚ የሚሞተው አንድ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ስዊድን ውስጥ ተጀምሮ ከአራት ሺህ በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናትም በ2007 ውጤቱን ሲያወጣ ቀዶ ጥገናውን ካደረጉት ይልቅ ካላደረጉት ወገን የሞተው ሰው ቁጥር በልጦ ተገኝቷል። አለማድረግም የራሱ አደጋ አለው ማለት ነው። ጥያቄያችን "እናድርግ ወይስ ይቅር" መሆኑ ቀርቶ "የትና እንዴት" የሆነው ለዚህ ነው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት

የኢስታንቡሉን ወረቀት ይዘን እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ዋጋውን አየ። ሳቀም፣ አልተቆጣም። ብዕሩን አስቀምጦ እንዲህ አለን፤

"ከተመለሳችሁ በአሥረኛው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዳችሁ ትኩሳት ይነሳባችኋል። ልቧ በደቂቃ ከ120 በላይ ይመታል። ግራ ትከሻዋን ያማታል። ለማን ትደውላላችሁ?"

ዝም አልን። ኤጀንቱ አልመጣልንም መቼም።

የተሰፋው መስመር የሆነ ቦታ ላይ ከፍቶ የጨጓራው ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ ሊፈስ እንደሚችል ነገረን። ጥሩ ቦታ ላይ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ይደርሳል። ሁልጊዜ ሆስፒታል ሳሉ አይታይም፤ ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት፣ ከዚያም ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ያኔ እኛ ኢስታንቡል አይደለንም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ደም እግር ውስጥ ረግቶ ወደ ሳንባ ሊሄድም ይችላል፤ ከቀዶ ጥገና ማግስት ለሰዓታት አውሮፕላን ወንበር ላይ ተጣጥፎ መቀመጥ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። እነዚህን ነገሮች የሚያክመው ሰው ምን እንደተቆረጠ፣ የት እንደተሰፋ ማወቅ አለበት። ያለዚያ ጨለማ ውስጥ ነው የሚገባው።

"ቀዶ ጥገናው ሁለት ሰዓት ነው" አለን። "ከዚያ በኋላ ያለው አርባ ዓመት ነው። አርባውን ዓመት የምትኖሩት እዚህ ነው።"

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ስንመለስ ማን አለ?

ሒሳቡ

ገንዘባችንን እንቁጠር። ሁለታችን የገባንበት ዕቁብ ሲወጣ፣ መኪና እንገዛበታለን ብለን ካስቀመጥነው ጋር ተደምሮ 950 ሺህ ብር ሆነ። ሒሳቡን የሠራነው በ2017 ዓ.ም.፣ ዶላር 130 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በነበረው 57 ብር ቢሆን ኖሮ የኢስታንቡሉ ቅናሽ 331 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። "ኖሮ" ግን ትኬት አይቆርጥም።

የኢስታንቡሉ መንገድ ይሄ ነው። ለሁለት ሰው ቀዶ ጥገና 754 ሺህ፣ ትኬት 150 ሺህ። ሁለታችንም ተቀድደን ስንመለስ እጃችን ላይ 46 ሺህ ብር ይቀራል። አስታማሚ የለም፤ አንዷ ለሌላዋ ውሃ የምታቀብልበት አቅም እንኳን አይኖራትም።

ሁለተኛው መንገድ ዴልሂ ነው። ሐኪማችን ያመላከተን ሆስፒታል ለአንድ ሰው ባይፓስ 4,600 ዶላር፣ 598 ሺህ ብር ማለት ነው፤ ጠየቀ። የሁለት ሰው ትኬት 140 ሺህ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ለሁለት ሳምንት ማረፊያና ምግብ 55 ሺህ። ድምር 793 ሺህ። የሚቀረው 157 ሺህ ብር ነው፤ ቪዛና ጥቃቅኑ ከዚያው ይነሳል። በዚህ መንገድ አንዳችን ታካሚ፣ አንዳችን አስታማሚ ነን።

ለሁለት ሰው የሚበቃ ገንዘብ ይዞ አንድ ሰው ብቻ ማሳከም ሞኝነት ይመስላል። ሦስት ሳምንት ተከራከርን። አንድ ሌሊት ሳንነጋገር አደርን። የወሰነልን ያ የተረፈው 157 ሺህ ነው። የግል ሆስፒታል በር ላይ ሌሊት የሚጠየቀው ማስያዣ እሱ ነው። የሲቲ ስካኑ፣ የአልጋው፣ የመድኃኒቱ እሱ ነው። ርካሽ የምንለውን ነገር ከዚያ በኋላ የለካነው በሚከፈለው ሳይሆን በሚተርፈው ነው።

ማን ትሂድ የሚለው ደግሞ ከሁሉም ከበደ። በኪሎ ቢሆን ትንሿ ትቀድማለች። ነገር ግን ስኳሩ ትልቋ ላይ ነው፤ ስኳር ደግሞ አይጠብቅም። አሜሪካ ውስጥ 150 የስኳር ታማሚዎችን አምስት ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም፣ ስኳራቸው ጤነኛ ሰው ደረጃ ላይ የተገኘው በባይፓስ ከመቶ 29፣ በስሊቭ 23፣ በመድኃኒት ብቻ 5 ነበሩ። መቶ ከመቶ እንዳልሆነ ልብ በሉ። 29 ግን ከ5 ይሻላል። ትልቋ ቃርም ስላለባት፣ ስሊቭ ደግሞ ቃርን ሊያብስ ስለሚችል ሐኪሙ ወደ ባይፓስ አዘነበለ። ትንሿ "አንቺ ሂጂ" አለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሻምፑ ነው አለች። ቀጣዩ ዕቁብ የእሷ ነው፤ ተፈራርመናል።

ዝግጅቱ

ሕንድ ለሕክምና የሚሄድ ሰው የሕክምና ቪዛ፣ አብሮት የሚሄድ ደግሞ የአስታማሚ ቪዛ አለው። ባንክ ለሕክምና ዶላር ሲጠየቅ የሐኪም ማስረጃና የሆስፒታሉን የዋጋ ደብዳቤ ይፈልጋል። ስለዚህ ወረቀት ማደራጀት የመጀመሪያው ሥራ ሆነ። ሁሉንም በአንድ ፋይል አድርገናል። ፋይሉን የያዘችው ትንሿ ናት፤ ትልቋ የመብራት ቢል የምትጥል ሰው ናት።

ቀጥሎ ምርመራ። ጨጓራን በካሜራ ማየት የግድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ የማያመው ሰው ስለሌለ የሚገኘውን ገምታችኋል፤ ኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ። ከቀዶ ጥገናው በፊት መታከም ስላለበት ለ14 ቀን መድኃኒት ተወሰደ። ከዚያ የጉበትና የሐሞት ከረጢት አልትራሳውንድ፣ የልብ ምርመራ፣ የታይሮይድ፣ የሦስት ወር የስኳር አማካይ፣ የቫይታሚን መጠን። ማንኮራፋትም ይጠየቃል፤ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሰው ማደንዘዣ ላይ ይቸገራልና። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መቀመጥም ነበረ። ሲከፋችሁ ምን ትበላላችሁ ተባልን። ሁለታችንም እኩል "ዳቦ" አልን።

ከሆስፒታሉ ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር የጠየቅናቸውን እዚህ እንጻፍላችሁ፣ ለሌላም ይጠቅማል። ቢላውን የሚይዘው ራሱ ማነው? በዓመት ስንት ባይፓስ ይሠራል? ጽኑ ሕሙማን ክፍል እዚያው ሕንፃ ውስጥ አለ ወይ? የተሰፋው ቢከፍት ማን ያክማል፣ ማን ይከፍላል? ከተማው ውስጥ ስንት ቀን እንቆያለን? ስንመለስ የቀዶ ጥገናው ሙሉ ሪፖርት በእንግሊዝኛ በእጃችን ይሰጠናል ወይ? የመጨረሻዋን ስንጠይቅ ሐኪሙ "ለአገራችሁ ሐኪም በቀጥታም እልክለታለሁ፣ ስልኩን ስጡኝ" አለ። ያኔ ነው ዴልሂ የተቆረጠችው።

አንድ ሌላ ያልጠበቅነው ነገርም አለ። የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ስለ ጾማችን ስንነግራት አልደነገጠችም። ሥጋ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ታካሚ ስታስተናግድ የኖረች ናት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ እሷ ምስርና ሽምብራ ስትቆጥር እኛ ሽሮ ቤት የገባን መሰለን።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ስብና ስኳር የሌለበት፣ በጣም የተመጠነ ምግብ ብቻ ነው የሚበላው። ምክንያቱ ቅጣት አይደለም። ወፍራም ሰው ጉበቱም ይወፍራል፤ ጉበቱ ካልሟሸሸ ደግሞ ሐኪሙ ከሥሩ ያለውን ጨጓራ በደንብ ማየት አይችልም። ስለዚህ ቀኑን ስንመርጥ ገናን በልተን፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ጨክነን፣ ከጥምቀት በኋላ እንድንበር አድርገናል። ሁለቱን ሳምንት ትንሿም አብራ ትገባለች። አንዷ እርጎ እየለካች ሌላዋ ፓስታ አትበላም፤ ቤቱ ጠባብ ነው።

እማዬ

እማዬ መጀመሪያ የሰማች ቀን ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። "እኔ ሙሉ አድርጌ የወለድኩትን አካል ሕንድ ሄዳችሁ ልታስቆርጡ?" ቀጠለችና "ደግሞስ የአባታችሁ ዘር ሁሉ ደንዳና ነው፣ ማን ሞተ?" አለች። አባታችን በ56 ዓመቱ በስኳር ምክንያት እግሩ ተቆርጦ፣ ከዚያ በዓመቱ እንዳረፈ ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አልተናገረም። እሷም ከተናገረችው በኋላ ዝም አለች።

ከዚያ ጾሙን አነሳች። ዐቢይ ጾም የሚገባው ገና ፈሳሽና የተፈጨ ምግብ ላይ እያለን ነው። እንቁላሉና እርጎው እንዴት ይሆናል? የንስሐ አባታችን ዘንድ ይዛን ሄደች፤ ይከለክሉልኛል ብላ እንደሆነ እንጠረጥራለን። እሳቸው ነገሩን ሁሉ አዳምጠው "የታመመ ሰው ጾሙ መዳኑ ነው። ስትድኚ ትጾሚያለሽ" አሏት። እማዬ መንገዱን ሙሉ ዝም ብላ መጣች። ማታ ደውላ ግን "ያ አጥሚት ቀጠን ተደርጎ ነው የሚሠራው?" ብላ ጠየቀች። ፈቀደች ማለት ነው።

ሠርግና የልጅ ልጅም አለባት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ማርገዝ አይመከርም። በባይፓስ ጊዜ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያም እንደ ድሮው ላይሠራ ስለሚችል ሌላ ዓይነት መመረጥ አለበት። ይቺኛዋን ለእማዬ አልነገርናትም።

ከተመለስን በኋላ

እዚህ ላይ እናንተ ትገባላችሁ፤ ጓደኞቻችን፣ ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችን።

አንደኛ ጉርሻ። ግማሽ ሲኒ የማይሞላ ጨጓራ ላይ የናንተ አንድ ጉርሻ ሙሉ ምሳ ነው። "በሞቴ" ብትሉ ሊያስመልሳት ይችላል። እንቢ ስትል ንቀት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ቀስ ብላ አላምጣ፣ ከምግብ ጋር ውሃ ሳትጠጣ፣ ግማሽ ሰዓት ቆጥራ ነው የምትኖረው። አምቦ ውሃም አትጋብዟት፤ ጋዝ ያለበት ነገር ቀርቷል። ጣፋጭ ነገር ደግሞ ላብ፣ የልብ ምትና ማዞር ሊያመጣባት ይችላል፤ የልደት ኬክ ፊት አታስጨንቋት።

ሁለተኛ ዳይክሎፌናክ። ወገቤን፣ ጥርሴን፣ ራሴን ባልን ቁጥር ፋርማሲ ጎራ ብለን የምንገዛው ይሄ መድኃኒትና አይቡፕሮፌን ባይፓስ የተሠራለት ሰው ላይ ቁስለት ያመጣሉ። ይህን በወረቀት ጽፋ ከመታወቂያዋ ጋር ትይዛለች። አንድ ቀን ራሷን ስታ ብታገኟት መጀመሪያ ቦርሳዋን ክፈቱ።

ሦስተኛ ቫይታሚን። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፤ ዕድሜ ልክ። ዋጋቸው ከ157 ሺሁ ውስጥ የለም፤ በየወሩ ከደመወዝ ነው። የዴልሂውን ሪፖርት ተቀብሎ በአንድ፣ በሦስት፣ በስድስትና በአሥራ ሁለት ወር የሚያያት ያው "ለማን ትደውላላችሁ?" ያለን ሐኪም ነው። ስልኩን ሰጥቶናል። ፍሪጁ ላይ ለጥፈነዋል፤ ሌሊትም ይሠራል ብሏል።

አራተኛ ወሬ። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ፀጉሯ ሊሳሳ ይችላል። ፊቷ ይጎድላል፣ ቆዳዋ ይላላል። በኛ አገር ሰው በፍጥነት ሲከሳ ምን እንደሚባል እናውቃለን። በር ላይ "ምነው፣ ደህና አይደለሽም?" ተብሎ ከኋላ በሹክሹክታ በሽታ ይመረጥለታል። እባካችሁ አትምረጡላት። የሆነውን ይኸው ራሳችን ነገርናችሁ።

ቀዶ ጥገናው ተአምር እንዳልሆነ ተነግሮናል። ከዓመታት በኋላ ኪሎ ቀስ ብሎ የሚመለስበት ሰው አለ። ስኳሩም ሊመለስ ይችላል። ይህን ሁሉ ፈርመን ነው የምንሄደው።

እኛን መሰል ሐሳብ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን፤ ከማስታወቂያው ብዛት ያስታውቃል። ምንዛሪው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የኛን 130 ትታችሁ የዕለቱን አስገቡ። ከዚያ ከድምሩ ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፤ ስንመለስ ለሚያየን ሐኪም፣ ለሌሊቱ ማስያዣ፣ ለአስታማሚዋ። ያ መስመር ባዶ ከሆነ ትኬቱን አትቁረጡ። አንድ ዕቁብ ጠብቁ።

ትልቋ ሻንጣዋን ከአሁኑ መክተት ጀምራለች። የከተተችው የምትወደውን ሰማያዊ ቀሚስ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ጊዜ ቀሚስ። ለሁለት ሳምንት ጉዞ አይደርስላትም፤ ትንሿ አውጥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅላዋለች። ከተመለስን በኋላ እናየዋለን።

በጸሎት አስቡን። ቸር እንሰንብት።